ድንጋዩ ከቺንጋው ይፈጥናል፦ ከሰሚት ወፍጮ ቤት እስከ ቪትዝ ካምቢዮ

አንድ የወፍጮ ሞተር በደቂቃ 1440 ዙር ይዞራል እንበል። በቺንጋ የሚነዳው የወፍጮው ዘንግ ደግሞ 600 ዙር። ከሁለቱ የሚፈጥነው የትኛው ነው? የፊዚክስ ተማሪ ሳያመነታ «ሞተሩ» ይላል። ዕድሜውን ወፍጮ ቤት የሠራ ሰው ግን «የምኑን ፍጥነት ነው የምትለኝ?» ብሎ መልሶ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። በዚያው በ600 ዙር ዘንግ ላይ የተገጠመው ድንጋይ 60 ሳንቲሜትር ስፋት ካለው ጠርዙ በሰከንድ 19 ሜትር ያህል ይሮጣል። የሞተሩ ፑሊ 15 ሳንቲሜትር ከሆነ ቺንጋው የሚሮጠው ከ11 ሜትር ብዙም አያልፍም። ዙሩ ያነሰው ዘንግ ፈጣኑን ጠርዝ ተሸክሟል ማለት ነው።

በቺንጋ የተያያዙ ጎማዎች ጉዳይ በመማሪያ መጽሐፍ አንድ መስመር ቀመር፣ በፈተና ላይ ሁለት ነጥብ ነው። ቀመሩ ትክክል ነው። ለወፍጮ ቤት፣ ለልብስ ሰፊና ለጋራዥ የሚጠቅመው እውቀት ግን ባብዛኛው የሚገኘው መጽሐፉ «ቺንጋው አይንሸራተትም ብለን እንውሰድ» ብሎ ዘሎት በሚያልፈው ቦታ ላይ ይመስለኛል።

የአዲስ አበባው ሰሚት ጉዳዩን ለመመልከት የተመቸ ሰፈር ነው። ከፔፕሲ እስከ ፍየል ቤት፣ ወደ ጎሮ በሚያወርደው መንገድም ግራና ቀኝ፣ በኮንዶሚኒየሞቹ ምድር ወለልና በየቆርቆሮ አጥሩ ሥር ቺንጋ የማይዞርበት ሥራ ጥቂት ነው። ወፍጮ ቤቱ ለጤፍ አንድ፣ ለበርበሬና ለሽሮ ሌላ ወፍጮ አቁሟል። ዳቦ ቤቱ ሊጥ ማቡኪያ አለው፣ እንጨት ቤቱ ክብ መጋዝ። ልብስ ሰፊው በእግሩ የሚረግጣት ሲንጀር አለችው። አዲስ ሕንፃ በሚቆምበት ሁሉ ኮንክሪት ሚክሰር ይጮኻል። የሁሉም ሥራ አንድ ነው፦ አንድ ቦታ ያለውን ሽክርክሪት ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ፣ በመንገድ ላይም ዙሩን መቀነስ ወይም ማብዛት።

ሕጉ ከአንድ ሐሳብ ይወለዳል። ቺንጋው ካልተለጠጠና ካልተንሸራተተ እያንዳንዱ ነጥቡ በእኩል ፍጥነት መሄድ አለበት፤ አለዚያ አንድ ቦታ ይጠራቀማል፣ ሌላ ቦታ ይበጠሳል። እንግዲህ የሁለቱ ፑሊዎች ጠርዝ ፍጥነት ከቺንጋው ጋር እኩል ነው። ትንሹ ፑሊ ዙሪያው አጭር ስለሆነ ያንኑ ርዝመት ቺንጋ ለማሳለፍ ብዙ ጊዜ መዞር ይኖርበታል። ስለዚህ የአንዱ ፑሊ ዲያሜትር በዙሩ ሲባዛ ከሌላው ዲያሜትርና ዙር ብዜት ጋር ይተካከላል። የሞተሩ ፑሊ 15 ሳንቲሜትር፣ ዙሩ 1440 ከሆነ ብዜቱ 21600 ነው። የወፍጮው ፑሊ 36 ሳንቲሜትር ከሆነ 21600ን ለ36 ማካፈል ብቻ ነው፤ 600 ይመጣል። በሁለቱ ዘንጎች መካከል ያለው ርቀት በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። የቺንጋው ርዝመትም አይገባም። ብዙ ሰው ረጅም ቺንጋ ዙር የሚቀንስ ይመስለዋል፤ አይቀንስም።

ተማሪ የሚሳሳተው ሁለተኛውን ሕግ ከዚህ ጋር ሲያምታታ ነው። በአንድ ዘንግ ላይ የተሰኩ ሁለት ጎማዎች፣ አንዱ የፈለገውን ያህል ሰፊ ቢሆን፣ ዙራቸው አንድ ነው፤ የሚለያየው የጠርዛቸው ፍጥነት ነው። ቺንጋ ጠርዝን ያስተካክላል፣ ዘንግ ዙርን ያስተካክላል። ወፍጮው ሁለቱንም ሕጎች በአንድ ጊዜ ያሳያል። ከሞተር ወደ ወፍጮ ፑሊ ስንሻገር የጠርዝ ፍጥነቱ እንዳለ ይቆይና ዙሩ ከ1440 ወደ 600 ይወርዳል። ከፑሊው ወደ ድንጋዩ ስንሄድ 600 ዙሩ እንዳለ ይቆይና የጠርዙ ፍጥነት ከ11.3 ወደ 18.8 ሜትር በሰከንድ ይወጣል፤ ድንጋዩ ከፑሊው ስለሚሰፋ። የመግቢያው እንቆቅልሽ ምስጢር ይኸው ነው።

የልብስ ሰፊው ሲንጀር ይህንኑ በተገላቢጦሽ ይሠራል። ከታች ያለው ትልቅ ጎማ በእግር ይዞራል፣ በክብ የቆዳ ቺንጋ ከላይ ያለውን ትንሽ ጎማ ይነዳል። ትልቁ ከትንሹ አራት እጥፍ ተኩል ቢሰፋ አንድ ርግጫ አራት ተኩል ስፌት ይሰጣል፣ የላይኛው ጎማ አንድ ዙር አንድ ስፌት ነውና። ሰፊው በደቂቃ 60 ጊዜ ቢረግጥ መርፌው 270 ጊዜ ይወጋል። እግር በደቂቃ 270 ጊዜ ሊረግጥ አይችልም፤ የጎማዎቹ ልዩነት ግን ይህን ያለ ኤሌክትሪክ ያደርገዋል። በአገራችን ባህላዊ ፈትል እንዲህ ያለ የዙር ማባዣ የለም፤ እንዝርቱን የምታሾረው የፈታይዋ እጅ ራሷ ናት። ቻይናና ህንድ ግን ትልቅ ጎማን በገመድ ከትንሽ ዘንግ ጋር ማገናኘት ቀደም ብለው ያዙ። ቻይናዊው ሊቅ ያንግ ሺዮንግ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15 ዓመት ገደማ ስለ ሐር ማጠንጠኛ መሣሪያ የጻፈው ስለ ቺንጋ ከሚታወቁት ጥንታዊ መረጃዎች አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል።

ዙር ሲቀየር ጉልበትም ይቀየራል፤ የወፍጮ ቤት ባለቤቶችና ሞተር ሻጮች ሳይግባቡ የሚቀሩት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሞተሩ 15 ኪሎዋት ከሆነ በ1440 ዙር የሚሰጠው የመጠምዘዝ ጉልበት 100 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። በቺንጋው በኩል ወደ 600 ዙር ሲወርድ የወፍጮው ዘንግ 239 ኒውተን ሜትር ያገኛል፤ ዙሩ በ2.4 ተካፍሎ ጉልበቱ በ2.4 ተባዛ። የሁለቱ ብዜት፣ ማለትም ኃይሉ፣ ያው 15 ኪሎዋት ነው። ፑሊ ኃይል አይጨምርም።

እንግዲህ ዱቄቱ ቶሎ እንዲወርድለት የፈለገ ሰው የወፍጮውን ፑሊ ከ36 ወደ 30 ሳንቲሜትር ቢያሳንስ ምን ይሆናል? ድንጋዩ 720 ዙር ይዞራል፣ በእርግጥም በሰዓት የሚፈጨው ይጨምራል። ግን ድንጋዩ የሚጠይቀው የመጠምዘዝ ጉልበት ባለበት ቢቆይ እንኳ የሚያስፈልገው ኃይል 18 ኪሎዋት ይሆናል። 15 ተብሎ የተጻፈበት ሞተር ትርፉን ከመስመሩ ለመሳብ ይሞክራል፣ ይግላል፣ መጨረሻው ጥቅለላ ቤት ነው። ሌላም ነገር አለ። አምራቾች በሞተር ሰሌዳ ላይ የሚጽፉት ኃይል አብዛኛውን ጊዜ እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ የታሰበ ነው። ሰሚት ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳስቶ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል። ሰሌዳው ላይ ያለው 15 እዚህ ሙሉ 15 ላይሆን ይችላል።

ከሞተሩም በላይ የሚያሳስበው ድንጋዩ ነው። የሚሽከረከር ነገር ራሱን ወደ ውጭ የሚበትንበት ጫና የሚያድገው በዙሩ ካሬ ነው። ከ600 ወደ 720 መሄድ ዙሩን በ20 በመቶ ይጨምራል፣ በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ጫና ግን በ44 በመቶ። አዲስ የተወቀረ፣ ውስጡ ስንጥቅ ያለበት ድንጋይ ይህን ልዩነት ላይችል ይችላል። ዱቄቱም ሞቆ ይወጣል። ደንበኛዋ «ዱቄቴን አቃጠላችሁት» ስትል የምትወቅሰው ወፍጮ ሠሪውን ነው፤ ጥፋቱ ግን ፑሊው በተቆረጠበት በቶርኖ ቤት የተጀመረ ሊሆን ይችላል።

አሁን መጽሐፉ የዘለለውን እንይ። ቺንጋ ፑሊን የሚያዞረው ጥርስ ኖሮት አይደለም፤ በሰበቃ ብቻ ይዞ ነው። አንደኛው ወገኑ ይወጠራል፣ ሌላው ይላላል፣ ሥራ የሚሠራው የሁለቱ ልዩነት ነው። በምሳሌያችን 15 ኪሎዋት በ11.3 ሜትር በሰከንድ ለማሻገር 1326 ኒውተን ልዩነት ያስፈልጋል፤ 135 ኪሎ የሚመዝን ጭነት እንደመሳብ ነው። የተወጠረው ወገን ከላላው ስንት እጥፍ ሲሆን ነው ቺንጋው የሚንሸራተተው? በ18ኛው ክፍለ ዘመን የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ሌዎንሃርድ ኦይለር ይህን አስልቷል። መልሱ በሁለት ነገር ላይ ይቆማል፦ በሰበቃው መጠንና ቺንጋው ፑሊውን ባቀፈበት ማዕዘን። የፑሊው ስፋት በቀጥታ አይገባበትም። ማዕዘኑና ሰበቃው ሲጨምሩ የእጥፉ መጠን እየተባዛ ያድጋል።

በእኛ ወፍጮ የዘንጎቹ ርቀት 60 ሳንቲሜትር ከሆነ ቺንጋው ትንሹን ፑሊ የሚያቅፈው 160 ዲግሪ ገደማ ነው። ጠፍጣፋ ቺንጋ በተለመደ ሰበቃ በዚህ ማዕዘን የሚይዘው እስከ 2.3 እጥፍ ነው። ይህም ማለት 1326 ኒውተን ልዩነት ለማግኘት የተወጠረው ወገን ከ2300 ኒውተን በላይ፣ የላላው ከ1000 በላይ መሆን አለበት፤ ይህ ሁሉ ኩሽኔታው ላይ ያርፋል። ባለ ሾጣጣ ጎን ቺንጋ፣ በቦይ ውስጥ የሚገባው ዓይነት፣ በሁለቱ ጎኑ እንደ ሽብልቅ ይጨመቃል፤ በዚያም ሰበቃው ሦስት እጥፍ የሆነ ያህል ይሠራል። በወረቀት ላይ እጥፉ ከ2.3 ወደ 12 ይዘላል። መሐንዲሶች ጥንቃቄ ጨምረው ከዚያ በጣም ባነሰ ቁጥር ቢሠሩም ልዩነቱ ግዙፍ ነው። አሜሪካዊው ጆን ጌትስ በ1917 እ.ኤ.አ. ይህን ቅርጽ በጎማ ሠርቶ ካወጣ በኋላ ጠፍጣፋው የቆዳ ቺንጋ ከየፋብሪካው መውጣት ጀመረ። ዛሬ በሰሚት ወፍጮ ቤት የምናየው ሦስት ወይም አራት ጥቁር ቺንጋ ጎን ለጎን የሚዞርበት ፑሊ የዚያ ልጅ ነው።

የዚህ ቺንጋ ጉልበት በጎኑ ስለሆነ የሚያልቀውም በጎኑ ነው። ጎኑ ሲበላ ወደ ቦዩ ይሰምጣል፤ ታችኛው ፊቱ የቦዩን ወለል የነካ ዕለት መጨመቁ ያበቃል፣ ያኔ ጠፍጣፋ ቺንጋ ሆነ ማለት ነው። ሠራተኛው የሚያየው ግን ሌላ ነው፦ ጩኸት፣ የጎማ ሽታ፣ «ደከመ» የሚባል ወፍጮ። የመጀመሪያው መድኃኒት ሁልጊዜ ማጥበቅ ነው። ከልክ ያለፈ ማጥበቅ ግን ለአንድ ሳምንት ዝምታ ይገዛና ኩሽኔታውን ይገድላል። በ60 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ቺንጋውን በመጠኑ ሲጫኑት አንድ ሳንቲሜትር ገደማ ቢገባ በቂ ነው፤ እንደ ክራር ክር መጮህ የለበትም።

መንሸራተት ራሱ የሚያስከፍለው ከሚመስለው በላይ ነው። ጤነኛ ቺንጋ እንኳ ከአንድ እስከ ሁለት በመቶ ይቀራል፣ ጎማው በተወጠረው ወገን ተለጥጦ በላላው ስለሚሰበሰብ። ስለዚህ 600 ያልነው በመለኪያ 590 አካባቢ ቢገኝ ቀመሩ አልተሳሳተም። መንሸራተቱ ሦስት በመቶ ቢደርስ ከ15 ኪሎዋት 450 ዋት ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሙቀቱ የሚወጣው ደግሞ ቺንጋው ትንሹን ፑሊ በሚነካበት ጠባብ ቦታ ነው። ጎማው የሚጠነክረውና የሚሰነጣጠቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ቺንጋ መግዣው ላይም ቀመሩ ብቻውን አይበቃም። መርካቶ ሄዶ «የወፍጮ ቺንጋ» ማለት አይሠራም፤ ስፋቱ በፊደል፣ ርዝመቱ በኢንች ይጠየቃል። ኤ የሚባለው 13 ሚሊሜትር፣ ቢ 17፣ ሲ 22 ሚሊሜትር ይሰፋል። ከላይ ለወሰድነው ወፍጮ የቺንጋው ርዝመት የዘንጎቹ ርቀት ሁለት እጥፍ፣ የሁለቱ ፑሊ ግማሽ ዙሪያና ትንሽ ማስተካከያ ሲደመር 202 ሳንቲሜትር ይመጣል፤ በገበያ ቋንቋ ቢ 78 ነው። ከአራቱ አንዱ ሲበጠስ አንዱን ብቻ መቀየር የተለመደ ቁጠባ ነው፤ ግን መጥፎ ቁጠባ ነው። አዲሱ አጭርና ጥብቅ ስለሆነ ጭነቱን ለብቻው ይሸከማል፣ አሮጌዎቹ አብረው ይዞራሉ እንጂ አይሠሩም፤ አዲሱም ቀድሞ ይሄዳል። ሌላው ስህተት ፑሊን በውጭ ጠርዙ መለካት ነው። ቺንጋው የሚሠራበት ዲያሜትር ከውጭ ጠርዙ ትንሽ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በትልቁ ፑሊ ልዩነቱ አይሰማም፣ በትንሹ ግን በዙሩ ላይ ይታያል።

ስለ ቺንጋው አደጋ አንድ ቁጥር ብቻ ላንሣ። 11.3 ሜትር በሰከንድ በሰዓት 40 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ሰው ደንግጦ እጁን እስኪሰበስብ አንድ አምስተኛ ሰከንድ ቢፈጅበት ቺንጋው በዚያ ጊዜ ከሁለት ሜትር በላይ ነጠላ ጠቅልሏል። ወፍጮ ቤት የሚገቡት ደግሞ ባብዛኛው ነጠላ የለበሱ እናቶች ናቸው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛውን ከአደጋ እንዲጠብቅ ግዴታ ይጥልበታል፤ ደንበኛዋን የሚጠብቃት ግን በቺንጋው ላይ የሚደፋው የብረት ሽፋን ነው፤ እሱም ለጥገና ተነሥቶ ግድግዳ ተደግፎ የሚቀርበት ወፍጮ ቤት ብዙ ነው።

አቅጣጫን በተመለከተ የቀድሞ ሰዎች ጠፍጣፋውን ቺንጋ በስምንት ቁጥር ቅርጽ አጠላልፈው ሁለቱን ጎማዎች በተቃራኒ ያዞሩ ነበር። ባለ ቦዩ ቺንጋ መጠላለፍ አይወድም፤ ዛሬ በሦስት ፌዝ ሞተር ሁለት ሽቦ ማለዋወጥ ያንኑ ይሠራል። ኤሌክትሪክ ተጠግኖ ሲመለስ ፌዙ ተለዋውጦ ወፍጮው ወደኋላ ከዞረ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ዙሩን በጣም ማውረድ ሲፈለግ ደግሞ አንድ ቺንጋ አይበቃም። 1440ን ወደ 60 ለማውረድ የሞተሩ ፑሊ 10 ሳንቲሜትር ከሆነ ሌላው 2 ሜትር ከ40 መሆን አለበት፤ ዳቦ ቤት በር አያስገባውም፣ ቺንጋውም ትንሿን ፑሊ በቅጡ አያቅፋትም። በሁለት እርከን ከተሠራ ግን እያንዳንዱ አምስት እጥፍ ያህል ቢቀንስ ይበቃል። ሊጥ ማቡኪያና ኮንክሪት ሚክሰር መጀመሪያ በቺንጋ፣ ቀጥሎ በጥርስ የሚያወርዱት ለዚህ ነው።

መንሸራተት ፈጽሞ የማይፈቀድባቸው ቦታዎች አሉ። በመኪና ሞተር ውስጥ ቫልቭ የሚከፍተው ዘንግ የዋናውን ዘንግ ዙር በትክክል ግማሹን መዞር አለበት፤ ጥቂት ጥርስ ቢዘል ፒስተን ከቫልቭ ሊጋጭ ይችላል። ስለዚህ ጥርሳም ቺንጋ ወይም ሰንሰለት ይገባል፣ በዲያሜትር ፈንታ ጥርስ ይቆጠራል። ብስክሌትም እንዲሁ ነው፤ ፊት 48፣ ኋላ 16 ጥርስ ካለ አንድ የፔዳል ዙር ሦስት የጎማ ዙር ነው።

በሰሚት መንገዶች ላይ ግን ከሁሉ የሚገርመው ቺንጋ የማይታየው ነው። ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩት ብዙዎቹ አውቶማቲክ ቪትዞች ሲቪቲ የሚባል ካምቢዮ አላቸው። በውስጡ ሁለት ፑሊና አንድ የብረት ቺንጋ አለ። እያንዳንዱ ፑሊ ሁለት ሾጣጣ ሳህን ሆኖ ሳህኖቹ ይቀራረባሉ፣ ይራራቃሉ። ሲቀራረቡ ቺንጋው ወደ ጠርዙ ይወጣል፣ ሲራራቁ ወደ መሐል ይወርዳል። የሞተሩ ፑሊ ትንሽ፣ የጎማው ትልቅ ሲሆን መኪናው ዳገት ይወጣል፤ በተቃራኒው ሲሆን በሲኤምሲ አስፋልት ላይ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ይንሸራሸራል። ይህን ሐሳብ በ1958 እ.ኤ.አ. በጎማ ቺንጋ ለገበያ ያበቃው የሆላንዱ ዳፍ ኩባንያ ነበር። የዛሬው የብረት ቺንጋ በብዙ ቀጫጭን ቁርጥራጮች የተሠራ ሲሆን ኃይል የሚያስተላልፈው በመሳብ ሳይሆን በመግፋት ነው። ወፍጮ ቤት ቶርኖ ቤት ሄዶ የሚያስለውጠውን ፑሊ ቪትዝ እየተነዳች ትለውጠዋለች።

አሁን ደግሞ ኢንቨርተር መጥቷል፤ የመስመሩን 50 ኸርትዝ ዝቅ በማድረግ ሞተሩን ራሱን ያዘገየዋል። አንዳንዶች ቺንጋው ሊቀር ነው ይላሉ። ለወፍጮ ሒሳቡን እንሥራ። 15 ኪሎዋቱን ሞተር በኢንቨርተር ወደ 600 ዙር ብናወርደውና ዘንጉን በቀጥታ ከድንጋዩ ጋር ብናያይዘው የመጠምዘዝ ጉልበቱ ያው 100 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ ኢንቨርተር ዙር ይቀንሳል እንጂ ጉልበት አያባዛም። ድንጋዩ የሚፈልገው 239 ነው። ያንን በቀጥታ ለመስጠት በሙሉ ዙሩ 36 ኪሎዋት የሚሰጥ ሞተር መግዛት ያስፈልጋል፣ በላዩም የኢንቨርተሩ ዋጋ አለ። በሌላ በኩል ያለው አማራጭ የ36 ሳንቲሜትር ፑሊና አራት ቢ 78 ቺንጋ ነው።